ጤናዎን ይጠይቁ፦ ፊኛን ለማከም እግር ላይ ኤሌክትሪክ?

ጥያቄ፦ ሽንት ያጣድፈኛል። በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሌሊት ደግሞ ሦስቴ እሄዳለሁ። ከገበያ ተመልሼ በሩን በቁልፍ ስከፍት ያመልጠኛል። ተመርምሬ ኢንፌክሽንም ስኳርም የለብሽም ተብያለሁ። ውጭ አገር ያለችው የእህቴ ልጅ ቁርጭምጭሚት ላይ በሚሰጥ ኤሌክትሪክ ይታከማል አለችኝ። እግርና ፊኛን ምን አገናኛቸው? አንጎሌንስ አይጎዳውም? (የ54 ዓመት እናት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን)

መልስ፦ አንጎልዎን አይጎዳውም። ኤሌክትሪኩ ራሱ ከእግር አያልፍም፤ በመርፌ ሲሰጥ ከ10 ሚሊአምፔር በታች ነው። ወደ ላይ የሚወጣው የነርቩ መልእክት ነው። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ የሚያልፈው ቲቢያል ነርቭ፣ ፊኛን ከሚያዙት ነርቮች ጋር ከወገብ በታች አንድ ሥር ይጋራል።

ፊኛ ሲሞላ ወሬው በሕብለ ሰረሰር በኩል አንጎል ግንድ ይደርሳል። ሽንትን የሚለቀው ማዕከል እዚያ ነው፤ ባሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1925 በድመቶች ላይ አሳይቶታል። ማዕከሉን «ቆይ፣ ገና ነው» ብሎ የሚይዘው ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። የእርስዎ ችግር ባለበት ሰው ፊኛው ገና ሳይሞላ የመሙላቱ ስሜትና ድንጋጤው ይበረታሉ። አንጎል በሩንና ቁልፉንም ከሽንት ጋር አያይዞ ይለምዳል፤ በር ላይ የሚያመልጥዎት ለዚህ ነው። ከእግር ደጋግሞ የሚመጣው መልእክት የፊኛን ጩኸት ያለዝበዋል ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የጣሊያን ጥናት፣ ሕክምናው ካበቃ ከአንድ ቀን በኋላም አንጎል ለነርቭ መልእክት የሚሰጠው ምላሽ ተለውጦ እንደቆየ መዝግቧል።

ለውጡ ግን እንደ ልምምድ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሕክምናው በሳምንት አንድ ቀን፣ 30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «አልሠራልኝም» ብለው አያቁሙ፤ መሻሻሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከስድስተኛው በኋላ ስለሆነ እባክዎ አይቸኩሉ። ከተሻለዎት በኋላም በወር አንድ ጊዜ ገደማ መድገም ያስፈልጋል።

ቀጭኗ መርፌ የምትገባው ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት 5 ሴንቲሜትር፣ ማለትም ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው። መርፌው ከሌለ ፊዚዮቴራፒ ክፍሎች በሚጠቀሙበት ቴንስ በተባለ፣ በቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ በሚሰጥ መሣሪያ በተለጣፊ ይሠራል፦ አንዱ ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ፣ ሌላው 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፤ መሣሪያው በሰከንድ 20 ምት (20 ኸርዝ)፣ የእያንዳንዱ ምት ርዝመት 200 ማይክሮሰከንድ ይደረጋል። የእግርዎ አውራ ጣት ሲታጠፍ ወይም ውስጥ እግርዎን ሲነዝርዎት ቦታው ተገኝቷል። ቆዳውን ብቻ ከቆነጠጠዎት ነርቩን ስቷልና ተለጣፊውን በትንሹ ያንቀሳቅሱት። በድሬ ሙቀት ላብ ጠርዙን ያነሳዋል፤ ያኔ ኤሌክትሪኩ በቀረችው ቦታ ተጠራቅሞ ያቃጥላል። እግርዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁት። ልብ ውስጥ የምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰውና ነፍሰ ጡር አይጠቀሙበትም፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ መርፌውን ከማሰቡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

እስከዚያው ጥድፊያው በሩ ላይ ሲመጣ አይሩጡ፤ ሩጫ ፊኛውን ይባስ ያናውጠዋል። ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ሽንት የሚይዙበትን ጡንቻ አምስት ስድስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ያጥብቁ፣ ስሜቱ ሲበርድ ይራመዱ። ቡና፣ ሻይ፣ ኮካና ቁጢ (የቡና ቅጠል መጠጥ) ይቀንሱ፤ ውኃ ግን አይተዉ። በዚያ ሙቀት ውኃ ያነሰው ሽንት ወፍሮ ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ጠጠርም ያመጣል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለሦስት ቀን የሄዱበትን ሰዓትና መጠኑን በጆግ እየለኩ ይጻፉ፤ መሻሻሉ የሚለካው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጫት ስቅም ሽንቴ ይቆራረጣል። ይህ ሕክምና ይሆነኛል? (የ43 ዓመት አንባቢ፣ ሐረር)

መልስ፦ የእርስዎ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ጫት የፊኛን አንገት ጡንቻ ስለሚያጠብቅ ፍሰቱን ያቀጥነዋል። መቃም አቁመው ካልተስተካከለ፣ ሸንተው ሲጨርሱ ፊኛው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር በአልትራሳውንድ ያስለኩ፤ ፕሮስቴትዎንም ያስመርምሩ። ፊኛዎ ሞልቶ ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።