ከስንቱ ነው ስንቱ ያለፈው? የኮሌጅ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሰዎች በርከት ያለ ጥያቄ ደርሶኛል። ከአሰልጣኝም፣ ከሬጅስትራርም፣ ከዲንም፣ ከሰልጣኝም። የአብዛኞቹ ጭንቀት ያው ነው፦ ይሄ ሁሌ የምንሞላው ፎርም ለሥልጠናው ምን ፈየደ? ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ።

የኛ ዲፓርትመንት (አውቶ መካኒክ) በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ምዘና) ውጤት ከኮሌጁ አንደኛ ነው። በሪፖርትም ተሞግሰናል። የጋራዥ ባለቤቶች ግን «ልጆቻችሁ እጃቸው አይፈታም» ይሉናል። የቱን እንመን? (አሰልጣኝ፣ አዳማ)

ሁለቱንም እመኑ። መጀመሪያ ግን ያ ውጤት ከስንት ሰው እንደተሰላ ጠይቁ። ለምሳሌ 40 ሰልጣኝ ተመዝግቦ፣ 18ቱ በመሃል ቀርተው 22 ቢመዘኑና 18 «ብቁ» ቢባሉ፣ ሪፖርቱ ላይ 82 ከመቶ ይጻፋል። ከተመዘገቡት አንጻር ግን 45 ከመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ ወደ በላይ አካል የሚላከው ግን ሁሌ የመጀመሪያው ነው። እኔ ብሆን ሁለቱን ጎን ለጎን እጽፍ ነበር።

ቀጥሎ «ብቁ» የሚለውን ቃል ፈልፍሉት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን በሙያ ደረጃ፣ ማለትም «ሰውየው ምን መሥራት ይችላል» በሚለው ላይ አቆመው። ስለዚህ ሙያው በብቃት አሃዶች የተከፋፈለ ነው። ፍሬን ለብቻ፣ ኤሌክትሪክ ለብቻ፣ ሞተር ለብቻ። ልጆቻችሁ ፍሬኑን እንደ ውሃ ጠጥተውት ኤሌክትሪኩ ላይ እየተደናበሩ ይሆናል። ጠቅላላ ውጤቱ ይሄንን አይነግራችሁም። በወርክሾፕ የምትሰጧቸውን የተግባር ምዘናዎች በአሃድ ለይታችሁ አንድ ገጽ ላይ ስታወጡ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጋራዥ ባለቤቶቹንም «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አትበሏቸው፤ መልሱ «ደህና ናቸው» ወይ «አይረቡም» ነው። «ምን ስትሰጧቸው ነው እጃቸው የሚያያዘው?» በሏቸው።

ሌላም አለ። የትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ጋራዥ ተመድበው የሚሠሩበትን ጊዜ፣ መዝገባቸውን አውጥታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ የሦስት ወር ሥራ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በመጨረሻዋ ቀን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለውን ወደ ጎን አድርጉት። በየሳምንቱ በሐቀኝነት የተሞላው ላይ «ዕቃ አጠብኩ፣ መፍቻ አቀበልኩ» የሚል ከበዛ ደግሞ ችግሩ ልጆቹ ጋ አይደለም። የተመደቡበት ጋራዥ ሥራ አይሰጥም ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ማን የት እንደሚመደብ የሚወሰነው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ግንበኝነት ላይ በየሴሚስተሩ ሰልጣኝ ይቀንስብናል። የማቋረጫ ፎርሙ ላይ ሁሉም «በግል ምክንያት» ብለው ይሞላሉ። የስም መጥሪያችንን ፎቶ አያይዣለሁ። ምን ይታይዎታል? ይቅርታ፣ ጥራቱ ደህና አይደለም፤ ሐሙስ የገበያ ቀናችን ስለሆነ ተቻኩዬ ነው ያነሳሁት። (ሬጅስትራር፣ ከክልል ከተማ)

ወንድሜ፣ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል! ስም መጥሪያን ሁላችንም ወደ ጎን ነው የምናነበው፤ እከሌ ስንት ቀን ቀረ ብለን። የላኩትን ፎቶ ወደ ታች አነበብኩት። ሰኞ አንድ ሁለት ቀሪ አለ። ማክሰኞም እንደዚያው። ሐሙስ ላይ ዓምዱ በቀሪ ምልክት ጠቁሯል። ስምንተኛ ሳምንት ላይ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ይቀሩ ከነበሩት ስሞች አራቱ ጭራሽ ተሰርዘዋል።

ልጆቹ በገበያ ቀን ጭነት እያወረዱ የሳምንት ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ይመስለኛል። ግምት ነው። ማጣራቱ ግን ቀላል ነው፦ ሐሙስ ከሚቀሩት አምስቱን ለየብቻ ጠርታችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ጠይቋቸው። ከሆነ የሐሙሱን ተግባር ወደ ሌላ ቀን ለአንድ ሴሚስተር አዙሩትና ዓምዱን እንደገና ቁጠሩ። ካልተለወጠ ግምቴ ስህተት ነበር፤ ሌላ ምክንያት ትፈልጋላችሁ።

መቅረት ከማቋረጥ ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነው። በቺካጎ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ይጨርሳል አይጨርስም የሚለውን ከፈተና ውጤት በተሻለ የተነበየው የዘጠነኛ ክፍል ጉዞው ነበር። ማለትም በዓመቱ የሚጠበቅበትን ያህል ኮርስ አለፈ ወይ፣ በዋና ትምህርት ከአንድ በላይ ወደቀ ወይ የሚለው። ያኔ መስመሩን ይዘው የነበሩት መስመሩን ከሳቱት በሦስት ተኩል እጥፍ የመመረቅ ዕድል ነበራቸው። ከተማዋም ይህንን ይዛ ልጆቹን በጊዜ መከታተል ጀመረች። ለናንተ ቤት ሲመነዘር፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን የቀረ ሰልጣኝ ይደወልለት። ማን እንደሚደውል ግን ስሙ ይጻፍ። «ኮሚቴው ይከታተላል» ከተባለ ማንም አይደውልም።

«በግል ምክንያት» የሚለውን ሳጥን ደግሞ ከፎርሙ ሰርዙት። ትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይ፣ ሥራ ማግኘት፣ ሕመም፣ ትምህርቱን አለመውደድ ብላችሁ ዘርዝሩት።

የምሩቃን ክትትል ጥናት በየዓመቱ እንድንሠራ እንታዘዛለን። ስንደውል ግማሹ ስልክ ዝግ ነው። ምን ይሻላል? (የዲፓርትመንት ኃላፊ፣ ባሕር ዳር)

ስልኩን የምትወስዱት መቼ ነው? በምዝገባ ቀን ከሆነ እስኪመረቅ ሲም ቀይሯል። ክሊራንስ ሲያስፈርም ያዙት። ያኔ ፊርማ ስለሚፈልግ ሁሉንም ይነግራችኋል። የራሱን፣ የእናቱን ወይ የወንድሙን፣ የቴሌግራሙንም ቁጥር ተቀበሉት።

ያም ሆኖ ሁሉም አያነሳም። ስልክ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ሥራ ያገኘው ነው፤ ሥራ ያጣው ከኮሌጁ ሲደወልለት ማውራት ይከብደዋል። ስለዚህ ከ70 ምሩቃን 25 መልሰው 15ቱ «ሥራ አለኝ» ቢሉ፣ «60 ከመቶ ሥራ ይዘዋል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «ከ70ው 25 መለሱ፣ 15 ሥራ አላቸው፣ የ45ቱን አናውቅም» በሉ። አያምርም፣ ግን ያስኬዳል።

ጥያቄውንም አጥብቡት። በብየዳ ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ሰውም «ሥራ አለኝ» ይላል፤ ውሸት አልተናገረም። «በተማርክበት ሙያ ነው?»፣ «ከተማርከው ጨርሶ ያልተጠቀምክበት የቱ ነው?» ብላችሁ ጨምሩ። ለኔ ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ዓረብ አገር የሄደችውስ የት ትቆጠራለች? ከመደወላችሁ በፊት ወስኑት፤ አለዚያ አንዱ ደዋይ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ያስገባታል።

ወንድና ሴትን ለይቶ መመዝገብ ከሪፖርት ውጪ ጥቅም አለው? (አሰልጣኝ፣ ሐዋሳ)

አለው፣ ከተከታተላችሁት። ከኤሌክትሪክ ክፍል ሴቶቹ ብቻ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠፉ ከሆነ ወርክሾፑን ዞራችሁ እዩ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ይቆለፋል? በልካቸው የሚሆን ቱታ አለ? የመጨረሻው ክፍል ስንት ሰዓት ያልቃል?

ስማችን ከነውጤታችን ቦርድ ላይ ይለጠፋል፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም ይለቀቃል። ክፍያ ያልጨረሰ ሰው ስም ደግሞ በቀይ ነው። ይሄ ልክ ነው? (ሰልጣኝ፣ አዲስ አበባ)

ልክ አይደለም እህቴ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሐሳቡ ዋና ነገር መረጃ የሚሰበሰበው ለተወሰነ ዓላማ ነው፣ ጥቅም ላይ የሚውለውም ለዚያው ነው የሚል ነው። ውጤትሽ የተመዘገበው አንቺን ለማሰልጠን እንጂ ጎረቤት እንዲያየው አይደለም። ክፍያሽን ደግሞ ከሬጅስትራርና ከፋይናንስ ውጪ ማንም ማወቅ የለበትም። መጀመሪያ የተማሪዎች ጉዳይን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቅጂውን ያዢ። ለኮሌጆቹም፦ በመለያ ቁጥር ብቻ መለጠፍ ምንም አያስወጣችሁም።

የሰልጣኞች መረጃ ሶፍትዌር ልንገዛ ነው። ምን ዓይነት ይመክራሉ? (ዲን)

አሁን ምንም አልመክርም። በቅድሚያ አንድ ዲፓርትመንት በኤክሴል አንድ ሴሚስተር ይሥራበት። አንዱ «አበበ»፣ ሌላው «አበበ ከ.»፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈ ሶፍትዌሩ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁሉም ቢሮ በአንድ መለያ ቁጥር መጻፍ ሲለምድ ተመልሰው ይጻፉልኝ።

እኛ ጋ የሰልጣኝ ውጤት የአሰልጣኝ መገምገሚያ ሆኗል። የወደቀ ከበዛ ነጥባችን ይቀነሳል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሁላችንም እያሳለፍን ነው። (ስሜ ይቅር)

ስምዎ ቀርቷል። የገለጹት ነገር የታወቀ ነው። ዶናልድ ካምቤል የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጽፎታል፦ አንድ መለኪያ ውሳኔ በተሰጠበት ቁጥር ለመበላሸት ይበልጥ ይጋለጣል፣ ሊለካ የታሰበውንም ነገር ያበላሻል። የናንተ ማርክ አሁን የሚለካው የአሰልጣኞችን ስጋት ነው።

ደግሞ ፍትሐዊም አይደለም። 8 ሰልጣኝ ያለው ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ቢታመም ውጤቱ በ12.5 ነጥብ ይወርዳል። 50 ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ 2 ነጥብ ነው። የሁለቱን አሰልጣኞች ማነጻጸር ዕድልን ማነጻጸር ነው።

ለዲኑ በቡድን ሆናችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። የአሃድ ውጤቱ ለአንድ ዓመት ለነጥብ እንዳይውል፣ ለወርክሾፕ ዕቃና ለተጨማሪ ልምምድ ድልድል ብቻ እንዲውል። ብዙ የወደቀበት አሃድ ቅድሚያ ማቴሪያል ያግኝ። የብየዳ ኤሌክትሮድ የሚያስገኝ ከሆነ የወደቀውን ሰልጣኝ የሚደብቅ አሰልጣኝ አይኖርም።