«አይሰራም» ብሎ ለሚጽፍ ሰው የሚሆን ፎርም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኜ ጥቂት ሺህ አባላት ያሉትን የኦንላይን ማኅበረሰብ አስተዳድራለሁ። ከሦስት ወር በፊት አባላት የሚያጋጥማቸውን የቴክኒክ ችግር የሚያሳውቁበት የባግ (የፕሮግራም ስህተት) መከታተያ ከፈትን። ፕሮግራመሮቻችን ወደውታል። አባላቱ ግን አይነኩትም። እስካሁን 11 ሪፖርት ገብቷል፤ ዘጠኙን የጻፍነው እኛው ነን። ችግር ጠፍቶ አይደለም። በየውይይቱ መሀል «ኧረ ይሄ ነገር አይሰራም» እያሉ ይጽፋሉ። የፎርሙን ሊንክ ስንልክላቸው ዝም ይላሉ። ፎርሙ 14 ጥያቄ አለው፤ ለብቻው አካውንት መክፈትም ይጠይቃል። ምን ይሻላል? እንተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ከአባላቱ ፊት ግን ያንሱት።

የባግ መከታተያ የጋራዥ ዕቃ ነው። መኪናው ያስቸገረው ሰው ጋራዥ ደርሶ «ወደ ግራ ሳዞር ከፊት በኩል ኳ ኳ ይላል» ይላል። መካኒኩ ሰምቶ ይጠይቀዋል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። «የተበላሸውን ክፍል ከዝርዝሩ ይምረጡ፣ የብልሽቱን ደረጃ ከአንድ እስከ አምስት ይሙሉ» ቢለው ሰውየው መኪናውን እያንኳኳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የእናንተ አባላትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነሱ ግን አልደበቁም። ሲናገሩ ወደ ሌላ መስኮት ትልካላችሁ እንጂ።

ከእነዚህ ሥርዓቶች በጣም ከታወቁት አንዱ ባግዚላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ብራውዘር ከሚሠራው የሞዚላ ፕሮጀክት የወጣ ነው። «ኮምፖነንት» (የትኛው ክፍል)፣ «ቨርዥን»፣ «ሲቬሪቲ» (የአሳሳቢነት ደረጃ) እያለ ይጠይቃል፤ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙዎቻችን ያንኑ ዓይነት ቅጽ ገልብጠን ለማንም ሰው ስናቀርብ ኖርን። እኔም አቅርቤያለሁ።

እስኪ 14ቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ አትመው እርሳስ ይያዙ። መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ ይሰርዙ። የገጹ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት፣ የአባሉ ስም፣ የብራውዘሩ ዓይነት፣ የስክሪኑ ስፋት፣ የአፑ ቨርዥን፦ ይህ ሁሉ አባሉ ሳይነካው ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ሊላክ ይችላል። ከመላኩ በፊት «እነዚህም አብረው ይላካሉ» ብሎ ማሳየት ግን ግዴታ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ለፕሮግራመሮቹ፦ ብራውዘሩ ስለራሱ የሚናገረውን ሁሉ አትመኑ። ዊንዶውስ 11 ራሱን «10» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። አንድሮይድ ላይ ያለ ክሮም ደግሞ ስልኩ ምንም ይሁን ምን «አንድሮይድ 10» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። የስልኩ ዓይነት በእርግጥ ካስፈለገ፣ ሰውየውን በኋላ ጠይቁት።

ቀጥሎ አባሉ ሊያውቀው የማይችለውን ይሰርዙ። ችግሩ የየትኛው ክፍል እንደሆነ እሱ ከየት ያውቃል? «የአሳሳቢነት ደረጃ» የሚለውንም አውጡት። ይህ ጥያቄ የሚለካው የሰውየውን ጠባይ ነው። አንዱ የፎቶው ጥግ ስለተቆረጠ «እጅግ አስቸኳይ» ይላል። ሌላው የሁለት ዓመት ጽሑፉ ጠፍቶበት፣ ሰው ላለማስቸገር ብሎ «ቀላል» ላይ ይጫናል። ደረጃ መስጠት የእናንተ ሥራ ነው።

«ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሪፖርት መኖሩን ፈልገዋል?» የሚለውም ይሂድ። ሰዎቹ በምን ቃል ይፈልጉ? እነሱ «ይንቀረፈፋል» ይላሉ፤ ፕሮግራመሩ ርዕሱን «የካሽ ችግር» ብሎ ጽፎታል። አንድ ችግር አምስት ሰው ቢያሳውቀው ደግሞ ጉዳት የለውም። አንዱ ሰዓቱን ይጠቅሳል፣ አንዱ ፎቶ ያያይዛል፤ አንድ ላይ ሲታዩ ምስሉ ይሞላል። ማዋሃዱን እናንተ ሥሩት።

እንግዲህ የሚተርፈው ሁለት ጥያቄና አንድ የፎቶ ቦታ ነው። «ምን ሊያደርጉ ነበር?» እና «ምን ሆነ?»። ፎቶው በውዴታ ነው።

ፕሮግራመሮቹ እዚህ ጋ እንደሚያጉረመርሙ አውቃለሁ። «ችግሩ የሚደገምበት ቅደም ተከተልስ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት አፓቼ፣ ኤክሊፕስና ሞዚላ የሚባሉ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶችን ፕሮግራመሮችና ሪፖርት አድራጊዎች ጠይቆ ነበር። ፕሮግራመሮቹ በጣም ይጠቅመናል ካሉት ዋናው ይኸው ቅደም ተከተል ነው። ሪፖርት አድራጊዎቹ ደግሞ ለማቅረብ ይከብደናል ካሏቸው ነገሮች አንዱ እሱው ነበር። ስለዚህ ባዶ ሳጥን አስቀምጦ «ደረጃ በደረጃ ይግለጹ» ማለት ዋጋ የለውም። ቅደም ተከተል በጨዋታ ነው የሚወጣው። «መጨረሻ የነኩት የቱን ነበር?»፣ «ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?»፣ «ትናንትስ ይሰራ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

ከራሴ ልንገርዎ። አንድ ጊዜ እሠራበት በነበረ ቦታ አንዲት አባል «የጻፍኩት ነገር መሀሉ ላይ ይቆረጣል» ብላ አሳወቀች። ፕሮግራመራችን «ቴስት ቴስት» ብሎ ጻፈ። አልተቆረጠም። «እኔ ጋ ይሰራል» ብሎ ዘጋው። (ባግዚላ ለዚህ የተዘጋጀ ማኅተም ነበረው፤ «ወርክስፎርሚ» ይባላል።) ሴትዮዋ ደግማ ጻፈች። ተዘጋ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፍ ተረኛው እኔ ነበርኩ። «የሚቆረጠውን ጽሑፍ ራሱን ይላኩልኝ» አልኳት። በኢሜይል ላከችልኝ። መሀሉ ላይ የጽጌረዳ ኢሞጂ አለ። ከጽጌረዳው በኋላ ያለው ሁሉ ነው ገጹ ላይ የሌለው።

ጽሑፎቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ነበር። እዚያ ውስጥ «ዩቲኤፍ8» ሲባል የኖረው አሮጌ የፊደል አቀማመጥ ለአንድ ፊደል ቢበዛ 3 ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ) ነው የሚይዘው። የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ይገባል። ጽጌረዳዋ ግን 4 ባይት ትፈልጋለች። የዳታቤዙ ጥብቅ ቁጥጥር እንዳይሠራ ተደርጎ ስለነበር፣ ጽጌረዳዋ ጋ ሲደርስ ስህተት አለ ብሎ ከማቆም ይልቅ የቀረውን ቆርጦ ይጥለው ነበር። ፕሮግራመሩ አልዋሸም፤ እሱ ጋ ይሰራል። እሱ ኢሞጂ አይጠቀምም። ሴትዮዋም የተጠየቀችውን ሁሉ ሞልታ ነበር፤ ብራውዘሯን፣ ቨርዥኑን፣ ደረጃውን። የጻፈችውን ጽሑፍ ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ «ያንኑ ነገር ላኩልኝ» ነው። ጽሑፉን፣ ፋይሉን፣ ሊንኩን።

ስለዚህ በመሀል ሰው አስቀምጡ። ዊኪፒዲያ ላይ ይህን ማየት ይቻላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ተራ አዘጋጆች በራሳቸው ቋንቋ «ይሄ ነገር ምን ነካው?» የሚሉበት የቴክኒክ መወያያ አለው። ልምድ ያላቸው ሰዎች እዚያው ይመልሳሉ። እውነተኛ ባግ ሆኖ ሲገኝ ወደ ፕሮግራመሮቹ መከታተያ ያሻግሩታል። መከታተያው እ.ኤ.አ. በ2014 ከባግዚላ ፋብሪኬተር ወደሚባል ሌላ ሥርዓት ሲዛወር እንኳ ለተራው አዘጋጅ የሚናገርበት ቦታ ያው ነበር። እናንተም ከበጎ ፈቃደኞቹ ሁለት ሰው በፈረቃ መድቡ። ፕሮግራም መጻፍ ባይችሉም ግድ የለም፤ ትዕግሥትና የመጠየቅ ወግ ይኑራቸው። አባሉ ውይይት መሀል «አይሰራም» ካለ እሱኑ እንደ ሪፖርት ይቁጠሩት። ሊንክ መላክ ይቅር። ሁለት ጥያቄ ጠይቀው መከታተያው ውስጥ ራሳቸው ይመዝግቡት።

የተለየውን አካውንት ዛሬውኑ አንሱት። በገባበት አካውንት ይጻፍ። መግባት ያቃተውስ? ያለ አካውንት የሚደርስ አንድ በር የግድ ያስፈልጋል፤ ከመግቢያው ገጽ ሥር ያለ ትንሽ ሊንክ ይበቃል። አለበለዚያ «ፓስወርዴ አልሠራ አለ» ለማለት መጀመሪያ በፓስወርድ ግቡ እያላችሁ ነው። ለስፓሙ ከአንድ ቦታ በሰዓት የሚላከውን ቁጥር ገድቡ። ቁልፉም ችግሩ የሚፈጠርበት ገጽ ላይ ይሁን። ስሙን «ባግ ሪፖርት» አትበሉት፤ «ችግር አለ?» ይበቃዋል።

መልሱ ላይ ደግሞ አትሰስቱ። በጣም ብዙ ሥርዓት የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። አባሉ ጽፎ ልኮ፣ ከሳምንት በኋላ «ኢንቫሊድ፣ ተዘግቷል» የሚል ኖቲፊኬሽን ቢደርሰው የተሰደበ ነው የሚመስለው። ባግዚላ ውስጥ «ኢንቫሊድ» የፕሮግራመር አነጋገር ነው፤ «ይህ ባግ አይደለም» ለማለት። ለሰው ሲላክ ግን «እርባና የለህም» ይመስላል። ፕሮግራመሮቹ ውስጥ ለውስጥ የፈለጉትን ማኅተም ይምቱ፤ ለአባሉ የሚደርሰውን ሰው ይጻፈው። «አይተነዋል፣ እኛም ጋ ተፈጥሯል።» «ለማግኘት አልቻልንም፣ እንደገና ከመጣ ፎቶ ያንሱልን።» «ይህን አሁን አናስተካክለውም፤ ምክንያቱ ይህ ነው።» የመጨረሻውን ለመጻፍ ሰው ይፈራል። ግን ከዝምታ ይሻላል። ተስተካክሎ ሲያልቅ ደግሞ ላሳወቁት ሁሉ ንገሯቸው፤ አምስት ሰው አሳውቆ ከነበረ ለአምስቱም።

ስለ ፎቶ ትንሽ ልጨምር። ስክሪንሾት ውስጥ የማይጠበቅ ነገር ይገባል፤ የግል መልእክት፣ ስልክ ቁጥር። ስለዚህ ሪፖርቱ ለሁሉም ሰው የሚታይ ከሆነ ፎቶው ቢያንስ በተረኛው እጅ ብቻ ይቆይ። የሌላን ሰው አካውንት ማየት የሚያስችል ዓይነት ቀዳዳ የሚያገኝ አባልም ይኖራል። እሱ በይፋ እንዳይጽፈው ለብቻው የሚላክበት አድራሻ ስጡት።

አዲሱን ፎርም ከማውጣታችሁ በፊት ኮምፒውተር የማይወድ ሦስት አባል ፈልጉና አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ ሩቅ ከሆኑ በቪዲዮ። አንድ ነገር እንዲያሳውቁ ጠይቁና ዝም በሉ። እጃቸው የቆመበት ቦታ ላይ ነው የምትሠሩት። «እዚያ ጋ ይጫኑ» ማለት ክልክል ነው፤ ለኔ ሁልጊዜ የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ዳታቤዛችሁ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ፕሮግራመሮቹን አቀማመጡ 4 ባይት የሚይዘው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» መሆኑን ጠይቁልኝ። ካልሆነ ባክአፕ ይዛችሁ ቀይሩት። እስካሁን የተቆረጡት ጽሑፎች ግን ዳታቤዙ ውስጥ ስላልገቡ ከዚያ አይመለሱም፤ ጸሐፊዎቹ ጋ ቅጂው ካለ ብቻ ነው።