አባቴና ወንድሜ እግራቸው እየተገተረ ነው፤ ሰው እርግማን ነው ይለናል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ከአርባ ዓመታቸው ጀምሮ ሲራመዱ እግራቸው ይገተራል። የጫማቸው ጫፍ መሬት እየፈተገ ቶሎ ያልቃል። አጎቴም እንዲሁ ነበሩ። አሁን ደግሞ ታላቅ ወንድሜን በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ጀመረው። ጎረቤት «የዘር እርግማን ነው» ይላል። ወንድሜን ያየው ሐኪም ግን «በዘር የሚመጣ ነው፤ ነርቩ ውስጥ ያለው ማጓጓዣ ተበላሽቷል» አለው። ነርቭ ምን ያጓጉዛል? መድኃኒትስ አለው? እኔንስ ይይዘኛል? ሰ.መ.

መልስ፦ እህቴ፣ እርግማን አይደለም። ይህን ለአባትሽም ለወንድምሽም ደግመሽ ንገሪልኝ።

እግራችንን የሚያዝዘው የነርቭ ሕዋስ የሚቀመጠው አንጎላችን አናት አካባቢ ነው። ከእሱ አክሰን የሚባል ቀጭን ክር ይወጣል። የእግሩ አክሰን በጀርባ አጥንት ውስጥ እስከ ወገብ አካባቢ ይወርዳል፤ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክሩ የሚያስፈልገው ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው ላይ፣ ሕዋሱ ዘንድ ነው። ታች ያለው ጫፍ የሚኖረው ከላይ በሚላክለት ስንቅ ነው።

ስንቁ ዝም ብሎ አይፈስም። በአክሰኑ ውስጥ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ባቡር ሐዲድ ተዘርግተዋል። በእነሱ ላይ የሚራመዱ ሞተር ፕሮቲኖች አሉ። ካይኔሲን ወደ ጫፉ ይወስዳል፤ ዳይኒን ያረጀውንና መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ይመልሳል። ካይኔሲን በ1985 የተገኘው ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ ነው፤ አክሰኑ በጣም ወፍራም ስለሆነ ለጥናት ይመቻል። የካይኔሲን አንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። በዚህች እርምጃ ፈጣኑ ጭነት በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊሜትር ይጓዛል! ስለዚህ ወገብ ለመድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ሐዲዱን ራሱን የሚጠግኑት ፕሮቲኖች ግን በቀን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚሄዱት። ለእነሱ ጉዞው ወራት ይፈጃል፤ ከዓመት የሚያልፍበትም ጊዜ አለ።

እንግዲህ ማጓጓዣው ትንሽ ቢደክም ቀድሞ የሚጎዳው ማን ይመስልሻል? ረጅሙ ክር ነው። ለዚህ ነው የአባትሽ እጅ ደህና ሆኖ እግራቸው የታመመው። አንዳንድ ሰው ላይ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ያጣድፋል።

በሽታው በዘር የሚተላለፍ የእግር መገተር ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። በብዛት የሚታየው ስፓስቲን የሚባለው ፕሮቲን ሲጎድል የሚመጣው ሲሆን ዘረመሉ ተለይቶ የታወቀው በ1999 ነው። የስፓስቲን ሥራ ማይክሮቲዩቡልን በሚያስፈልግበት ቦታ መቁረጥ ነው። ሌላው ዓይነት ኪፍ5ኤ በሚባለው፣ ካይኔሲንን በሚሠራው ዘረመል ላይ ይመጣል። የዚሁ ዘረመል ሌላ ቦታ ሲበላሽ ኤኤልኤስ የሚባለውን ከባድ የነርቭ በሽታ እንደሚያመጣ በ2018 ታውቋል። ይህ አያስደንግጥሽ፤ የሚበላሸው ቦታ የተለያየ ነው። አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታም ማይክሮቲዩቡልን የሚደግፈው ታው የተባለው ፕሮቲን ከቦታው ይለቅና ይጓጉላል። እዚያ ላይ የማጓጓዣው መዳከም መንስኤ ነው ወይስ ውጤት የሚለው ገና ያከራክራል። በእናንተ ቤት ባለው ዓይነት በሽታ ግን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሐዲዱን የሚንከባከበው ወይም ጭነቱን የሚሸከመው ፕሮቲን ራሱ ነው።

ከጎጃም ስለሆንሽ ጓያን ሳላነሳ አላልፍም። ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ እንዲሁ ሊገተር ይችላል። በአንድ ቤት ብዙ ሰው ስለሚይዝ የዘር በሽታ ይመስላል። ነገር ግን የጓያ ሕመም በቀናት ወይም በሳምንታት ከመጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። እንደ አባትሽ ለዓመታት ቀስ እያለ አይብስም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የጀርባ አጥንት ቲቢም እግር ያስገትራሉ። እነዚህ ሳይጣሩ «የዘር ነው» ብሎ ካርድ መዝጋት በጣም ያናድደኛል፤ ሁለቱም የሚታከሙ ናቸውና! የወንድምሽ ደምና የጀርባ ኤምአርአይ ታይቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

መድኃኒት ላልሽው፣ ማጓጓዣውን የሚጠግን ገና የለም። ባክሎፌን የሚባለው ክኒን የተገተረውን ጡንቻ ያላላል። መጠኑን በራሱ አይጨምር፤ በድንገትም አያቁም። «የነርቭ ቫይታሚን» እየተባለ የሚሸጠው መርፌ እጥረት ለሌለበት ሰው ምንም አይፈይድም፤ ገንዘባችሁን ለፊዚዮቴራፒ አውሉት። ባትንና የጭን ጀርባን በየቀኑ መሳብ እውነተኛ ጥቅም አለው። ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ማሰሪያም መደናቀፉን ይቀንሳል።

ስለ ራስሽ ደግሞ። አባትሽ፣ አጎትሽ፣ ወንድምሽ ካሉ ከአባትና ከእናት ከሚወረሱት ሁለት የዘረመል ቅጂዎች አንድ የተበላሸ ብቻ የሚበቃው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። እንደዚያ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ሴት ሆነ ወንድ፣ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሌላ ሕመም ካልተቀላቀለበት ዕድሜ የሚያሳጥር በሽታ አይደለም። የዘረመል ምርመራ ልታደርጊ ብትፈልጊ ከወንድምሽ ይጀመር፤ የእሱ ውጤት ሳይታወቅ ያንቺን መተርጎም ይከብዳል። አለማወቅንም መምረጥ ትችያለሽ፤ ማንም ሊያስገድድሽ አይገባም። የወንድምሽ ፊዚዮቴራፒ ግን ውጤት አይጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ይጀምር።