ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድን ለምታስተምሩ ልጆቼ

ባለፈው አንዲት እዚህ ቨርጂኒያ ዘጠነኛ ክፍል ኢንግሊሽ ማስተማር የጀመረች ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድን ላስተምረው ወይስ ጊዜው አልፎበታል?» አለችኝ። አስተምሪው አልኳት፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አንድ የድሮ ተማሪዬ ትዝ አለኝ።

መጽሐፉ በፈረንጆቹ 1960 የወጣ ነው፣ ታሪኩ ግን በ1930ዎቹ አላባማ ነው፣ ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ነጭ ሴት ደፈረ ተብሎ በሐሰት ይከሰሳል። የችሎቱ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ወንበሮቹን ገፋፍተን ክፍሉን ፍርድ ቤት አደረግነው፣ ያ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ብዙ ያልቆየ፣ ዝምተኛ ነበር፣ ቶምን እኔ ልሁን ሲል ሁላችንም ገረመን። የቶም ግራ እጅ በልጅነቱ ጥጥ መዳመጫ ማሽን ይዞበት ሽባ ሆኗል፣ ሊምል ሲል በቀኙ አንስቶ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ያደርገዋል፣ እጁ ግን ተንሸራቶ ይወድቃል። ልጁ እጁን ሲለቀው ጠረጴዛው ጓ አለ፣ ኋላ ሲያወሩ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። ከዛ ዐቃቤ ሕጉ ከሳሿን ለምን በነፃ ሥራ ታግዛት ነበር ሲለው «አዘንኩላት» ይላል፣ ጥቁር ሰው ለነጭ ማዘኑን እዛ የተቀመጡት ነጮች አይወዱለትም። እዚህ ጋ ልጁ ንባቡን አቁሞ «ቲቸር፣ ሚስቱና ልጆቹስ? ለምንድነው እነሱ ቤት የማንገባው?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ መጽሐፉ ሁሉን የሚያየው በስካውት፣ የቶም ጠበቃ በሆነው በአቲከስ ልጅ ዓይን ነው። ደወል ተደወለ፣ ነገ እንመለስበታለን አልኩት፣ በዛው ሰሞን ቤተሰቡ ሌላ ስቴት ሄደ። ያቺን ጥያቄ ከሱ ጋር ሳንጨርሳት መቅረታችን እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሌሰን ፕላን ምናምን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች አያነቡም፣ የ1962ቱን ፊልም አይተው ወይ ስልካቸው ላይ ሳመሪ ቃኝተው ነው የሚመጡት፣ በጣም ያናድደኛል። ግን ደግሞ እንደኛ አቲከስን ዝም ብለው አያመልኩትም፣ ችሎቱ ላይ ጥቁሮቹ ለምን ፎቁ ላይ ብቻ ተቀመጡ፣ ለምን እነሱ አይናገሩም ብለው ይሞግታሉ፣ እኛ በነሱ ዕድሜ ይሄን አንጠይቅም ነበር።

ጥቁሮች የሚሰደቡበትን ቃል ጮክ ብላችሁ አታንብቡት፣ እኔ አላነበውም ነበር። የስኮትስቦሮን ጉዳይ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በ1931 እዛው አላባማ 9 ጥቁር ልጆች በሐሰት ተከሰው 8ቱ ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፣ ልብወለድ ነው ብለው እንዳያልፉት። ቶም ከመሰከረ በኋላ ደግሞ አንድ ሙሉ ፔሬድ ስጧቸውና ሚስቱ ሄለን ያን ማታ ልጆቿን ይዛ ምን እንዳሰበች ይጻፉ፣ ግሬድ አታድርጉት።