ኮለሙን አትውቀሺው፣ ጨው ነው

አንዲት የጅማ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «ከጅቡቲ የመጣልኝን የባሕር ስፖንጅ በሜታኖል ዘፍዝፌ አተነንኩት። ኤክስትራክቱ ብዙ ነው፤ ግን ነጭ ፍሬ ፍሬ ነገር አለበት። ሲሊካ ኮለም (ቅይጥ የሚለይበት ሲሊካ የተሞላ ቱቦ) ላይ ስጭነው አይወርድም። ቲኤልሲው (ቅይጥ የሚለይበት ስስ ሰሌዳ) ላይም ረጅም ጅራት ብቻ ነው የማየው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ብዙ ያልሽው ኤክስትራክት አብዛኛው ጨው ነው። ስፖንጅ የባሕር ውሃ ሲያጣራ የሚውል እንስሳ ነው፤ ሜታኖሉ ጨዉንም ይዞት ይወጣል። ካላመንሽኝ ቆንጠር አድርገሽ በዲስቲልድ ውሃ አሟሚ። አንድ ጠብታ ናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ ሲልቨር ናይትሬት ጨምሪበት። እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ነገር ወዲያው ይታይሻል።

ኮለሙን ለጊዜው ተዪው። ኤክስትራክቱን ውሃ ውስጥ በትኚና በኢታይል አሲቴት ሦስት ጊዜ እጠቢው። ሴፓራቶሪ ፈነሉን (ሁለቱን ፈሳሾች የምትለዪበትን ዕቃ) አትናጪው፤ ቀስ ብለሽ ገልብጪው፣ አለዚያ ሁለቱ እስኪለያዩ ማምሸትሽ ነው። የቀረውን ውሃ ደግሞ በቡታኖል ሦስት ጊዜ። ጨዉ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ውሃውንም ቢሆን አትድፊው፤ በጣም ፖላር (ውሃ ወዳድ) የሆነ ነገር እዚያ ሊኖር ይችላል። ቡታኖል በ117 ዲግሪ ስለሚፈላ ሮታቫፕ (በቫክዩም እያሽከረከረ የሚያተን መሣሪያ) ላይ ያስለፋል። ውሃ ጠብ እያደረግሽበት ስታተንኚው አብሮ ይሄዳል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ (ይሄዳል!) መጀመሪያ ቫክዩሙን ክፈቺ። የደረቀውን ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ማድረቂያ ዕቃ) ውስጥ አስገቢው፤ የጅማ ክረምት እርጥበቱን ስቦ መልሶ ያጨቀየዋል።

ጅራቱ አሁንም ካለ ቀነስ አድርገሽ ጫኚ። ካልሆነ አልካሎይድ (ናይትሮጅን ያለው ቤዝ) ጠርጥሪና ሶልቨንቱ ላይ ጥቂት ትራይኤቲላሚን ጨምሪ። የተረፈው ትንሽ ነው ብለሽ አትደንግጪ። ሃሊኮንድሪን ቢ የተባለው ውህድ ከ600 ኪሎ ስፖንጅ የተገኘው 12.5 ሚሊግራም ነበር፤ የጡት ካንሰር መድኃኒቱ ኤሪቡሊን መነሻው እሱ ነው።

ማስ ስፔክትረም (የሞለኪውሎችን ክብደት የሚያሳየው ግራፍ) ላይ በሁለት የክብደት አሃድ የሚራራቁ፣ ቁመታቸው እኩል ሊባል የሚችል መንታ ፒኮች ካየሽ ብሮሚን አለ ማለት ነው። ስፖንጅ ላይ የተለመደ ነው። 391 ላይ ጎልቶ የወጣ ፒክ ግን አያስፈንጥዝሽ፤ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ ዕቃ የመጣ ነው። ኤንኤምአር (የሃይድሮጅኖችን ሁኔታ የሚያሳየው ግራፍ) ላይ 1.25 ፒፒኤም አካባቢ የሚቆለለው ደግሞ ስብ ነው።

ከስፖንጁ ቁራሽ ተርፎሽ እንደሆነ አልኮል ውስጥ አኑሪው። የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ጥልቀትና ቀን በእርሳስ ጽፈሽ አብረሽ ጨምሪ፤ እስክሪብቶው በአልኮሉ ይለቃል።