ፊደል አልያዝ ላለው ልጅ፦ ለጀማሪ መምህራን

ውድ ጀማሪ መምህራን፣

ክፍል ስትገቡ ይህ ልጅ አይቀርላችሁም። ሀ ሁ ሂን እስከ መጨረሻው እንደ ዜማ ይወጣዋል። ከገበታው መሀል ሄን ብቻ ነጥላችሁ ብትጠይቁት ግን ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከሀ ተነሥቶ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። የሸመደደው ተራውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት በከንቱ አይደለም፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል ተራው ስለሚበጠስ ዜማው አያድንም።

«የመማር ችግር አለበት» ከማለታችሁ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ጆሮው የሚመግል ልጅ ጠን ከተ ባይለይ አይፈረድበትም። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ልጅም ጉዳዩ ሌላ ነው። ሀና ሐን፣ ሰና ሠን ማምታታትን ደግሞ ከቁም ነገር አትቁጠሩት፤ እኛም እናምታታለን።

እንዲህ ያለው ልጅ ፊደሉን በእጁ እየዳሰሰና እየሠራ ይማር። በእጅ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤቷን ከመክፈቷ በፊት የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የእንጨት ፊደል በጣት እያስከተለች ታስተምር ነበር። የብዙ ክፍሎች ጥፋት ግን ቁሳቁሱን ልጁን ማስደሰቻ ማድረግ ነው። እጁ የሚሠራው ልጁ የሚስተውን ነገር ራሱን መሆን አለበት።

ባንና ቦን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ተመልከቱ። ባ ግራ እግሩ አጥሯል፣ ቦ ቀኝ እግሩ። በመስተዋት ፊት የቆሙ ያህል ናቸው። ሳና ሶ፣ ዳና ዶ፣ ካና ኮም እንዲሁ። ግራና ቀኝ ለሚጠፋበት ልጅ ከዚህ የከፋ ወጥመድ የለም፤ «አስተውል እንጂ!» ብትሉት ደግሞ የሚያስተውለው ቁጣችሁን ብቻ ነው። ጭቃ ስጡትና በን ይሥራ። ከዚያ ከግራ እግሩ ላይ ቆርጦ ያንሣ፤ እየቆረጠ «ባ» ይበል። ድምፁ ከእጁ ጋር እኩል ይውጣ። ዝም ብሎ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ «ምንድን ነው?» ከተባለ የጭቃ ሥራ እንጂ ንባብ አልተማረም። ለማስታወሻ የምንበላበት እጅ ይበቃል፦ ባ ረጅም እግሩ በምንበላበት እጅ በኩል ነው። በግራው ለሚጽፍ ልጅ ቀኝ አንጓው ላይ ክር እሰሩለት።

ባንና ቦን ባንድ ቀን አታስተምሩ። ባ ሳያመነታ ሲወጣው፣ ሳምንት ያህል ቆይቶ ቦ ይምጣ። ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለቱም ለየብቻ ከጸኑ በኋላ ነው። ቡ፣ ቢና ቤ ይቀላሉ፤ የጭቃዋ ጭረት ከቀኝ እግር ወገብ ላይ ስትለጠፍ ቡ፣ እግር ሥር ስትወርድ ቢ፣ እዚያው ስትከብ ቤ። ረና ፈ በዚህ ሥርዓት ስለማይሄዱ ይቆዩ። ሳድስም ወጥ ምልክት ስለሌለው ከሁሉ በኋላ ይምጣ።

መቼም 231 ፊደል ባንዴ አይጫንበትም። በአምስት ጀምሩ፦ አ፣ ላ፣ ማ፣ ባ፣ ሳ። በእነዚህ ብቻ ላባ፣ ሳማ፣ ማማ፣ ባላ፣ አባባ ይነበባሉ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ቃል ማንበብ መቻሉ ከማንኛውም ሽልማት ይበልጣል።

የሚዳሰስ ፊደል ለመሥራት ካርቶን 15 በ20 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ፊደሉን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣችሁ በኮላ ለጥፉበት፤ የመስመሩ ውፍረት አንድ ሴንቲ ሜትር ይሁን። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይስማማል፣ 60 የልጅ ጣት ይልጣል። መነሻው ላይ ቀይ ነጥብ አድርጉ፤ ልጁ ከታች ወደ ላይ እየዳሰሰ ከለመደ ሲጽፍም እንዲሁ ይሆናል፣ ማስተዉም ከባድ ነው። የአሸዋ ትሪ ከሆነ ወለሉ ጥቁር ወረቀት ይነጠፍበት፤ የተነፋው አሸዋም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ከበዛ የጣቱ መንገድ ተመልሶ ይደፈናል። በጤፍ ወይም በዱቄት የሚያስጽፉ አሉ። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ባለበት ክፍል እህል መጫወቻ አይሆንም።

ንባብ ሲጀምር ሌላ እንቅፋት ይመጣል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «አለ» ብሎ መናገርም «አለ» ብሎ መኖርም አንድ ነው። ፊደሎቹን በትክክል ጠርቶ ማጥበቁን ቢስት ስሕተት ብላችሁ አትቁጠሩበት። ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ ያንብብ፤ የሚጠብቀው ላይ መዳፉን ትንሽ ያቆየው።

በሒሳብም መንገዱ ያው ነው። 43 ሲቀነስ 17ን 34 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ከትልቁ አሐዝ ትንሹን እየቀነሰ ነው። በላስቲክ የታሰሩ አራት የአሥር አሥር ስንጥር እስሮችና ሦስት ነጠላ ስጡት። ሰባት አንሣ ሲባል ሦስት ብቻ እንዳለው በእጁ ያየዋል፤ አንዱን እስር ሲፈታ ነጠላዎቹ 13 ይሆናሉ። ሰባት ያነሣል፣ ከቀሩት እስሮች አንዱን ያነሣል፣ 26 ይቀራል። ከዚያ ስንጥሩን በወረቀት ላይ በመስመርና በነጥብ ይሣለው፤ አሐዙ በመጨረሻ ይምጣ። ላስቲኩን ሳይፈታ መልሱን መናገር ሲጀምር ስንጥሩን አንሡ። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ወይ ፈተና ደረሰ ተብሎ ገና ሳይጸና ይነጠቃል፣ ወይ ዓመቱን ሙሉ አብሮት ይቆያል።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ የሚሆነው ሌሎቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ነው። በቀን 15 ደቂቃ፣ ሁለት ልጅ፣ ኋላ ወንበር ላይ። ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል፤ የሚረሳ ልጅ ሳምንት አይጠብቅም። አሥር ካርድ በውዙና አሳዩት፤ ቶሎ ያለውን፣ ያመነታበትንና የሳተውን ለየብቻ መዝግቡ። ለሦስት ቀን ከአሥር ስምንቱን ሳያመነታ ካላለ አዲስ ፊደል አትጨምሩ።

ወደ ቤት ከአምስት ካርድ በላይ አትላኩ። ለወላጆች የምትነግሯቸውም አጭር ይሁን፦ ልጁ ሲሳሳት ትክክለኛውን ይንገሩት፣ በጣቱ አብሯቸው ይጻፈው፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ከእራት በኋላ እንቅልፍ ሳይጥለው ይሁን፤ ታናሽ ወንድሙ ወይም እኅቱ አጠገቡ ተቀምጠው ቀድመው እንዲመልሱ አይፈቀድ።