«ቢራቢሮ ይመጣል» ወይስ «ቢራቢሮዎች ይመጣሉ»?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው። ቢራቢሮ እንዲመጣልን ብለን ግቢው ውስጥ የወፍ ቆሎ የሚባለውን አበባ ተከልን። «ቢራቢሮ እንዲመጣልን አበባ አትቁረጡ» ብዬም ጽፌ ለጠፍኩ። ልጄ ግን «ቢራቢሮዎች እንዲመጡልን አበቦችን አትቁረጡ መባል አለበት፤ ብዙ ናቸዋ!» አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ማስታወቂያውን አይንኩት፤ ልክ ነው። የልጅዎ ዓረፍተ ነገርም የሰዋስው ስህተት የለበትም። ለዚህ ቦታ ግን የእርስዎ ይሻላል።

አማርኛ ስምን ያለ ቅጥያ ሲጠራ የሚጠራው ዓይነቱን ነው። «ቢራቢሮ» ሲባል አንድም ሊሆን ይችላል፣ መቶም። የተከላችሁትን ተክል ስም ራሱን ይዩት። ጥቁሯን ፍሬ ስንትና ስንት ወፍ ይለቅማታል፤ ስሙ ግን የወፍ ቆሎ ነው። «የወፎች ቆሎ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንልም የሚያብረው አንድ ክር አይደለም። ቁጥር ሲገባ እንኳ ስሙ እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ችግኝ መሸጫ የሄደ ሰውም «አምስት ችግኝ ስጠኝ» ነው የሚለው።

ታዲያ «ኦች» እና «ዎች» መቼ ያስፈልጋሉ? አንዱን ወገን ከሌላው ስንለይ። የተለመደው የወፍ ቆሎ አበባ ቢጫ ሆኖ ይፈካል፤ ሲሰነብት ወደ ብርቱካንማ፣ ሮዝ ወይም ቀይ ይለወጣል። ስለዚህ በአንዱ ዘለላ ላይ መሐሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ቀይ ሆኖ ይታያል። ቢራቢሮ ይበልጥ የሚያርፈው አዲስ በፈኩት ላይ ነው። እዚህ ላይ «ቢጫዎቹ አበቦች ይመረጣሉ፣ ቀዮቹ ይታለፋሉ» ማለት ግድ ይሆናል። «አበባ» ብቻ ብንል ልዩነቱ ይጠፋል።

ግሡን ከስሙ ጋር ያስማሙ። «ቢራቢሮ መጣ»፣ «ቢራቢሮዎች መጡ» ይባላል፤ «ቢራቢሮዎች መጣ» አይሆንም። «ቢራቢሮች»ም ያስኬዳል፤ እኔ ለጽሑፍ «ቢራቢሮዎች»ን እመርጣለሁ። «አዕዋፎች» ግን ይቅርብን። «አዕዋፍ» ራሱ በግእዝ ብዙ ነው።

በየስሙ ላይ «ዎች» መለጠፍ በእንግሊዝኛ ተጽዕኖ የተስፋፋ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ስም ሲጠራ አንድ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን ለይቶ መናገር አለበት። አማርኛ ይህ ግዴታ የለበትም። ይህን ነጻነቱን ዝም ብለን ስንጥልበት ከልቤ አዝናለሁ። ለልጅዎም ይህንኑ ይንገሯት፤ ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ስለ ግቢያችሁም ትንሽ ልበል። የወፍ ቆሎ የሚመግበው ክንፍ ያወጣውን ቢራቢሮ ነው። አባጨጓሬው የራሱን ቅጠል ይፈልጋል። ሎሚ ካላችሁ እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ የምትጥል የቢራቢሮ ዓይነት አለች፤ ቅጠሉ ትንሽ ቢበላ ይታገሱ። ደግሞ ወፎቹ የወፍ ቆሎውን ፍሬ በልተው ዘሩን በየቦታው ስለሚበትኑት ፍሬው ሳይበስል ይከርክሙት። የወፍ ቆሎ ቅጠል ለከብትና ለበግ መርዝ ነው። ለበዓል የተገዛ በግ ግቢው ውስጥ የሚታሰር ከሆነ፣ የተከረከመውን አጠገቡ አይጣሉ።